የኋላው ወንበር ባዶ የሆነ ቀን

ሰፈር ውስጥ ሚስማር የሚሉኝ ቀጭን ስለሆንኩ አይደለም። ሚስማር ስለምሸጥ ነው። ሚስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ሲሚንቶ ሳይቀር። ውፍረቴን ያየ እንግዳ ቅጽል ስሜን ሲሰማ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ይነክሳል። እኔም እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ሲገጥመኝ የጠየቀኝን ዕቃ መደርደሪያው ላይ እያየሁት «አልቋል» እለዋለሁ። ጠባዬ እንዲህ ነው፤ ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል።

የማወራችሁ ግን ስለ ጓደኛዬ ስለ ቲቸር ነው። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ልጆቹ ቲቸር ይሏታል፣ ወላጆቹ ቲቸር ይሏታል፣ ባሏ ራሱ በሕይወት ሳለ ቲቸር ነበር የሚላት። እኔ የምኖረው ከሱቄ በላይ ነው፤ የእሷ ቤት ከመንገዱ ማዶ። በመስኮት ብጠራት ትሰማኛለች። ሰፈሩም ይሰማኛል፤ አፌ አያርፍም።

ቲቸር በሕይወቷ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ማጋነኔ አይደለም። ከእህት ወንድሞቿ ጋር በአንድ ክፍል ተደራርባ ተኝታ አደገች፤ ከዚያ ቤት በቀጥታ ባሏ ቤት ገባች፤ ወዲያው ልጆች መጡ። ቀን ቀን ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን ቀሚሷን ይዞ ይጎትታታል። በኋላ ልጆቿ ሥራ ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ከዚያ ባሏ ሳይታመም፣ ሳይሰናበት፣ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሞተባት።

ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ተሰነባብቶ ሲወጣ፣ እኔም ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ዛሬን ብቻ» አለችኝ።

ዛሬን ብቻ ያለችው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። በየምሽቱ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ዳቦና የጎደለ ነገር ይዤ መንገዱን እሻገራለሁ፣ እሷ ታበስላለች፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ከዚያ ልጇ ትተኛበት የነበረው አልጋ ላይ እጋደማለሁ። ገላዋን ስትታጠብ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች።

«እዛው ነሽ?» ትላለች ከውሃው ድምፅ በላይ።

«የት እሄዳለሁ፣ በፒጃማ!» እላታለሁ።

ሌላም ጠባይ አላት። የምትሠራውን ሁሉ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ከሕፃናት ጋር ስትውል የያዛት ልማድ ነው። «አሁን ሽንኩርታችንን እንክተፍ። አሁን እሳታችንን ቀነስ እናድርግ። አሁን እጃችንን እንታጠብ።» እጃችንን ስትል እኔ ሶፋ ላይ ተንጋልዬ የነበርኩት ሳላስበው ተነስቼ የታጠብኩበት ጊዜ አለ። እሷ ስትናገር የሚሰማ ሰው መኖር አለበት፤ የሚሰማ ከሌለ ሥራው ራሱ ይጠፋባታል።

ባሏ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ የበረራ ክበብ ውስጥ መካኒክ ነበር። ትንንሾቹን አውሮፕላኖች ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ አንድም ቀን አልተሳፈረባቸውም። ለምን ሲሉት «ውስጣቸውን ስለማውቅ ነዋ!» ይል ነበር። የክበቡ ሰዎች ግን በየዓመቱ መጨረሻ ለሠራተኛ በስጦታ የሚሰጡትን ነጻ የበረራ ትምህርት ሰዓት ለእሱም ይይዙለት ነበር። እሱ እየሳቀ ሲተወው ሰዓቱ ተከማቸ። ቲቸር ዕቃውን ልታመጣ የሄደች ቀን አስተማሪው አብራሪ፣ ካፒቴን የሚባሉት ቀጭን ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ሰዓት የእሷ መሆኑን ነገሯት።

ያን ቀን ማታ ጠረጴዛ እየወለወለች «ልማር ነው» አለችኝ።

«ምን?»

«ማብረር።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«አንቺ መኪና እንኳ የማትነጂ!»

«መኪና መንገድ ላይ ስንት ሰው አለ። እዚያ ላይ ማን አለ?»

«ታዲያ ማንም የሌለበት ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?»

የወለወለችውን ቦታ እንደገና ወለወለችው። «እሱን ነው መልመድ የምፈልገው» አለች። «ሚስማርዬ፣ አንቺ እስከ መቼ ትጠብቂኛለሽ? ቤቴ ውስጥ አንዲት ሌሊት ብቻዬን ማደር አቅቶኝ እንደ ሕፃን እጅሽን ይዤ ቀረሁ። ካፒቴኑ እንደነገሩኝ፣ መጨረሻ ላይ አስተማሪው ይወርድና ተማሪው ብቻውን ይነሳል። ያቺን ቀን ከተወጣሁ የገዛ አልጋዬ አያቅተኝም።»

አልጋ ለመልመድ ሰማይ ድረስ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን አንጀቴን በላችው። ምን እላታለሁ? «እሺ ሂጂ» አልኳት።

«ለመጀመሪያው ቀን ግን አብረሽኝ ነይ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን እንደ «ዛሬን ብቻ» ሆነ። አውሮፕላኗ አራት ሰው ትይዛለች፤ ፊት ሁለት፣ ኋላ ሁለት። የኋላውን ሁለቱን እኔ ሞላሁት። ከመሳፈራችን በፊት ካፒቴኑ ክብደቴን ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ሚስማር ስመዝን የምውል ሰው ነኝ፣ ግማሽ ኪሎ በእጄ አንስቼ አውቀዋለሁ፤ የራሴን ሲጠይቁኝ ግን ሚዛኔ ተበላሸ፣ ቀናነስኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሌላ ቁጥር ጻፉ። ቆሽቴ አረረ።

ቲቸር መሪውን እንደያዘች አፏ ተከፈተ።

«አሁን ቀበቷችንን እንሰር። ሚስማርዬ፣ አሰርሽ? አሁን በራችንን እንዝጋ። አሁን ግራ ቀኛችንን እንይ፤ ሰው የለም? የለም። ጎበዝ!»

ካፒቴኑ መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። አብራሪ እንደዚህ አይናገርም አሏት። ዝም በይ ሲሏት ግን እጇ ይደርቃል፣ የቱን እንደምትነካ ይጠፋታል። ተዉአት። እየተናገረች ስትሠራማ እጇ ሕፃን የምታስተኛ ይመስላል፤ መሪውን አትጨብጠውም፣ ትዳብሰዋለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ካፒቴኑ ራሳቸው «አሁን አፍንጫችንን ዝቅ እናድርግ» ሲሉ ሰማኋቸው። ወዲያው አፍረው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኔ ከኋላ ሆኜ በሳቅ ስንፈራፈር አውሮፕላኗ ተወዛወዘች።

አንድ ቅዳሜ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣብኝና ቀረሁ። እሷ ከካፒቴኑ ጋር ብቻ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች፣ ዞር ብላ የኋላውን ወንበር አየች፣ ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ ቀበቶዋን ፈታ ወረደች። ካፒቴኑ ደውለው ሲነግሩኝ አዘንኩላት። ያለ እኔ አይሆንላትም ማለት ነው ብዬ ደረቴ መነፋቱንም አልደብቃችሁም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን መዝጋት ጀመርኩ። ደንበኛ ቢያጉረመርም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ያቺ ቀን የመጣችው ሳትነገር ነው። ነፋስ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እንደ ሁልጊዜው ሦስታችንም ተነስተን፣ ዞረን፣ አርፈን፣ እንደገና ልንነሳ ስንል ካፒቴኑ ከማኮብኮቢያው ዳር እንድታቆም ነገሯት። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ውረጂ።»

«እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሣሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለልሽ።»

ቲቸርን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አትውረጂ አላለችም። ያን ያህል ወር ተሸክማኝ ከዞረች አውሮፕላን፣ አንዴ እግሬ፣ አንዴ ወገቤ እየተቀረቀረ፣ በእልህ ወረድኩ።

ከመሬት ሆኜ ስትበር ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ካፒቴኑ ከጎኗ እንደተቀመጡ፣ የጋዙን እጀታ ገፍታ ሞተሩን እንዳስጮኸች አውሮፕላኗ ሜዳውን ሳትጨርስ፣ ገና ግማሹ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ይዘው እንደለቀቁት ቡሽ ብድግ አለች። እኔ ውስጧ ሳለሁ እንደዚያ ተነስታ አታውቅም። ዞረው ሲመጡ ደግሞ መሬት አልነካ አለች። ጎማዎቹ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ ከፍ ብለው ተንሳፈፉ፣ ተንሳፈፉ፣ ከሚያርፉበት ቦታ ብዙ አልፈው በስንት መከራ አረፉ። አሁንስ አስተማሪው ይበቃል ይላሉ ብዬ ተነሳሁ። ካፒቴኑ በራቸውን ከፈቱ፤ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ነገሯት፤ ከዚያ በሩን ከውጭ ዘጉትና የእጅ ሬዲዮአቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

ደሜ ፈላ። «ምን ማድረግዎ ነው? አላዩም እንዴ እንዴት እንዳረፈች?»

«አይቻለሁ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባድ አውሮፕላን ነው ያለማመድኳት። እስከ ዛሬ አንቺን ተሸክማ ነው የበረረችው።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ስለ ውፍረቴ ተናግሮኛል፤ ለሁሉም መልስ አላጣሁም። ይህኛውን ስሰማ ግን ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የተናገሩት ስለ ኪሎዬ ነው፤ እኔን የወጋኝ ግን ኪሎው አልነበረም።

«ነግሬያታለሁ» ቀጠሉ። «ብቻሽን ስትሆኚ ቶሎ ትነሳለች፣ አልቀመጥ ትልሻለች። ካልተመቸሽ ጋዝ ስጪና ተነሺ፣ ዞረሽ ደግመሽ ሞክሪ ብያታለሁ። ታውቃለች። ከሚገባት በላይ ታውቃለች።»

«እንግዲያው ሬዲዮውን ይስጡኝ። አለሁ ልበላት። አንድ ቃል ብቻ!»

«አንድም።»

«ካልሰማችኝ እጇ ይደርቃል እኮ! ያን ቀን ያደረገችውን ረሱት?»

«ያን ቀንማ ወርዳለች» አሉኝ። «ዛሬ አልወረደችም።»

እውነታቸውን ነው። አውሮፕላኗ እዚያው ቆማ ፕሮፔለሯ ይሽከረከራል፤ በመስኮቱ የቲቸር ራስ ይታያል፣ ትንሽ፣ ቀጥ ያለ። ዞር አለች። የኋላውን ወንበር አየች። ከዚያ ፊቷን መለሰችና በሬዲዮው ድምፅዋ መጣ፤ ለመነሳት መዘጋጀቷን ብቻ የሚናገር ደረቅ ድምፅ፤ ቀበቷችን የለ፣ አፍንጫችን የለ። ሄደች።

ዙሩ ረዘመብኝ። ሬዲዮው አንዳንዴ ይንቀጫቀጫል፣ የት እንደደረሰች በሁለት ቃል ትናገራለች፣ ዝም ትላለች። ካፒቴኑ ቆመው ጥርሳቸው መሀል የያዙትን ስንጥር ያኝካሉ። እኔ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ የማላውቀውን ጸሎት እጸልያለሁ።

መጣች። ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ማኮብኮቢያው ላይ ደረሰች፤ ከዚያ እንደቅድሙ አልቀመጥ አለች። ጎማዎቹ አስፋልቱን ሊስሙ ትንሽ ሲቀራቸው ተንሳፈፈች። በፊታችን አለፈች። የማኮብኮቢያው ጫፍ እየቀረበ ነው፤ ከጫፉ በኋላ አጥር ነው።

«አርፊ!» ብዬ ጮህኩ። «አይ፣ ተነሺ! ተነሺ በሞቴ!» የትኛውን እንደምላት ራሴም አላውቅ። የካፒቴኑን ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ። አውራ ጣታቸው የሬዲዮው ቁልፍ ላይ ነው፤ ጥፍራቸው ነጭ ሆኗል፤ ግን አልተጫኑትም። «ጫኑት እንጂ!» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሞተሩ አገሳ። አፍንጫዋ ቀና አለ። አውሮፕላኗ አጥሩን ከላይ አልፋ፣ የዛፎቹን ጫፍ አልፋ፣ ወደ ሰማዩ ወጣች።

«አላረፍኩም፤ ደግሜ እዞራለሁ» አለ ድምፅዋ በሬዲዮው፣ ገበያ ሄዳ የረሳችውን ዕቃ ለማምጣት እንደምትመለስ ሰው።

ካፒቴኑ ያኔ ነው ቁልፉን የተጫኑት። «ጥሩ ነው» አሏት። እኔ አግዳሚው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ቀደም ብላ ጋዙን ቀነሰች፣ ርቃ ዝቅ ማለት ጀመረች፤ አንድ ጊዜ ነጠር አለች፣ ከዚያ አረፈች። ምን ይዋጠኝ! ሣሩን አቋርጬ፣ ነጠላ ጫማዬ አንዱ ከኋላ ቀርቶ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ከእኔ ዘንድ ልትደርስ ነው። ሬዲዮው ተንቀጫቀጨ።

«ካፒቴን፣ አንድ ዙር ልጨምር?»

«ጨምሪ» አሉ ካፒቴኑ።

አውሮፕላኗ እፊቴ ዞረች። ጭራዋን ሰጥታኝ፣ ፀጉሬን በነፋስ በትና፣ ሄደች። እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከወረደች በኋላ አቅፌ አለቀስኩባት፤ እሷ ናት ያባበለችኝ። ዓይኗ ያበራል።

«ምን ምን አልሽ እዚያ ላይ?» አልኳት። «ማንን አወራሽ?»

«ማንንም።»

«ዝም ብለሽ?»

«መጀመሪያማ ዞሬ ወንበርሽን አየሁት። አልዋሽሽም፣ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ለማን እንደምናገር ጠፋኝ። ከዚያ ያ ሁሉ አስፋልት ሳላርፍበት ከሥሬ ሲያልፍ፣ እንዲህ አድርጊ የሚለኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ። ጋዙን ገፋሁት።» ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ ሚስማርዬ? ማንም አልነገረኝም።»

በፒክአፔ ወደ ቤት ስንመለስ እሷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች፤ እኔ አወራለሁ። ስለ አጥሩ አወራሁ፣ ስለ ካፒቴኑ ጥፍር አወራሁ፣ ስለ ጠፋ ጫማዬ አወራሁ። ልተወው ብል አልቻልኩም። በሯ ላይ ስንደርስ ገና መሸትሸት ብሏል። ሞተሩን አጠፋሁ፣ እንደ ወትሮው ልወርድ በሩን ከፈትኩ።

«ሚስማርዬ፣ ዛሬ ቤትሽ ብታድሪስ?» አለችኝ። ጣቱን በር የያዘበት ሕፃን በምታባብልበት ድምፅ ነው ያለችኝ።

«ይሻላል» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እኔም ልነግርሽ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ሥራ አለብኝ።»

«ተቀየምሽ?»

«ምን ያስቀይመኛል!» ድምፄ ግን ቀጥኖ ወጣ፤ ያኔ ሚስማር ብትሉኝ ያምርብኝ ነበር። አንገቴን አቀፈችኝ። ነገ ቁርስ አብረን እንበላለን አለችኝ። ከዚያ ቁልፏን አወጣች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች።

ደስ አላለኝም እንዳትሉ። ደስ ብሎኛል። ይህቺን ቀን ነው የጠበቅነው፤ ለዚህ ነው ሰማይ ድረስ የሄድነው። ደረጃዬን እየወጣሁ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

መኝታ ቤቴን ስከፍት አልጋዬ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መጋዘን አድርጌዋለሁ። የቀለም ባልዲዎች፣ የቧንቧ ካርቶኖች፣ ጥቅል ሽቦ ፍራሹ ላይ ተከምሯል። አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት። ከሥር ያለውን አንሶላ አራግፌ ስጨርስ ትራስ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። ትራሴ ቲቸር ቤት ነው።

እንግዲህ ትራስ ረስቶ መመለስ ምን ነውር አለው? መንገዱን ተሻገርኩ። በሯ ላይ ስደርስ እጄን አነሳሁ። በውስጥ መብራት አለ። ድምፅ የለም። ጆሮዬን ባስጠጋ ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ የሚናገር የለም። እራቷን እየበላች ነው፤ ዝም ብላ።

ባንኳኳ ትከፍትልኛለች። ፊቴን ስታይ «ግቢ» ትለኛለች፤ ትራስሽን ይዘሽ ሂጂ አትልም፣ ልቧ አይችልም። ነገም እንደዚሁ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ለደንበኛውም ለዘመዱም ለጠየቀኝ ሁሉ፣ የት ታድሪያለሽ ሲሉኝ «ጓደኛዬን ላስተኛ» እያልኩ ከረምኩ። እህቴ አንድ ጊዜ በስልክ «አንቺስ?» ብትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። እህቴ ሞኝ አይደለችም። ብቻዬን ማደር ያቃተኝ እኔ ነኝ።

እጄን አወረድኩት።

ተመልሼ ደረጃዬን ወጣሁ። ጃኬቴን አጣጥፌ ከራሴ ሥር አደረግኩና ጋደም አልኩ። ክፍሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። አለቀስኩ፤ ለእሷ ደስ ብሎኝ ነው ብዬ ጀመርኩት፣ እየቆየ ግን ለራሴ ሆነ። መብራቱን ግን አጠፋሁት።